ሲገፋ የሚነሳ፣ በቁልፍ እምቢ የሚል መኪና

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። የምነዳው የአባቴን ኮሮላ ዲኤክስ ነው። በፈረንጅ 1982 የተሠራ፣ 4ኬ ሞተር፣ ባለ ካርቡራቶር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጧት ጧት አልነሳም ይላል። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ግን ከበድ ይለዋል። የሰፈር ልጆች ቁልቁል ሲገፉልኝ ወዲያው ይነሳል። ቀን ላይ ከሞቀ በኋላ ግን በቁልፍም ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ቁልፉን ስለቀው ነው እህ የሚለው። አንዱ መካኒክ ባትሪ ቀይር አለኝ። ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ችግሩ ካርቡራቶር ነው አለኝ። ሦስተኛው የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን ለካና 9 ከግማሽ፣ 9፣ 9 ከግማሽ፣ 9 ኪሎ አገኘ። ሞተሩ አልቋል፣ ጄኔራል፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ መታደስ ያስፈልገዋል አለኝ። እናቴን በየሳምንቱ ሐኪም ቤት የማመላልሰው በዚሁ መኪና ነው። ምን ይሻለኛል?»

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ሞተሩን እንዳታስፈታው። ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራቶርም ለጊዜው ተወው። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን አንተው ራስህ ጽፈኸዋል። «ሲገፉልኝ ወዲያው ይነሳል» ብለሃል። «ቁልፉን ስለቀው ነው እህ የሚለው» ብለሃል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ልብ ብሎ የሰማህ ባለሙያ ባትሪ አያስገዛህም ነበር።

የቤንዚን ሞተር ለመነሳት ነዳጅ፣ አየር፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) እና እሳት ይፈልጋል። እሳቱም በሰዓቱ መምጣት አለበት። አሁን አስበው። ልጆቹ መኪናውን ሲገፉት ካርቡራቶሩ ያው ነው። ፒስተኑ ያው ነው። እሳቱን የሚያወጣው ካንዴላም ያው ነው። ብርዱም አልተለወጠም። ከአንድ ደቂቃ በፊት በቁልፍ እምቢ ያለው ሞተር በግፊ ከተነሳ፣ ነዳጁም አየሩም ቦታቸው ላይ አሉ ማለት ነው። በቁልፍና በግፊ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ሞተሪኖው ነው። በግፊ ጊዜ ሞተሪኖው አይሠራም። ከባትሪው የሚስብ ነገር የለም። ስለዚህ ያለው ኤሌክትሪክ በሙሉ ለእሳቱ ይተርፋል።

ሞተሪኖ ምን ያህል እንደሚበላ ብዙ ሰው አያስበውም። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ ቢበሩ ከባትሪው የሚስቡት 10 አምፔር አካባቢ ነው። ሞተሪኖው ግን ቀዝቃዛ ሞተር ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል። በዚያች ቅጽበት መኪናው ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ሁሉ ይራባል።

ሦስተኛው መካኒክ ስላነበባቸው ቁጥሮች ልንገርህ። ትልቁን ገንዘብ ሊያስወጣህ የነበረው እሱ ነውና። እውነት ነው፣ የደከመ ሞተርም ሲገፋ ሊነሳ ይችላል። በግፊ ሞተሩ ከሞተሪኖው ፍጥነት በላይ ይዞራል። ስለዚህ መለካቱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ አነባበቡ ላይ ነው። ጎንደር ያለችው ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ስስ ከሆነ፣ አምቆ የሚያሳየው ግፊትም በዚያው ልክ ይወርዳል። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ሞተር 12 ኪሎ (በካሬ ሴንቲ ሜትር) ቢል፣ ያው ጤነኛ ሞተር እኛ ጋ 9 ከግማሽ አካባቢ ነው የሚያሳየው። መተማ ወርደህ ብትለካው ከፍ ይላል። ደባርቅ ወጥተህ ብትለካው ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው።

እኔ ቁጥሮችህን ሳይ ደስ ነው ያለኝ። አራቱም ሲሊንደሮች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የሚያስፈራው ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 5 ቢሆን ነበር። ኮምፕሬሽን ሲለካ ደግሞ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ፣ ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ መሆን አለበት። ያንተ ሞተሪኖ ይከብደዋል ብለሃል። እየከበደው ዞሮ 9 ከግማሽ የሰጠ ሞተር አላለቀም። የአባትህ ሞተር ገና ብዙ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ቦቢናው፣ ማለትም ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ዕቃ፣ ዘወትር የሚሠራው በሙሉ 12 ቮልት አይደለም። አጠገቡ ጣት የምታህል፣ ከሸክላ የተሠራች ሬዚስተር ታስራ ታገኛለህ። ሞተሩ ሲሠራ ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል ያልፍና ወደ 7 ወይም 8 ቮልት ወርዶ ቦቢናው ጋ ይደርሳል። ቦቢናውና የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ፑንቲና እንዳይቃጠሉ ነው ይህ የተደረገው። ሞተሩ በሚነሳበት ሰዓት ግን ሌላ መንገድ አለ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ስታዞረው፣ ሬዚስተሯን ዘልላ በቀጥታ ወደ ቦቢናው የምትሄድ አንዲት ቀጭን ሽቦ ትሠራለች። የምትነሳው ከቁልፉ ማዞሪያ ወይም ከሞተሪኖው ነው።

ለምን አስፈለገች? ሞተሪኖው ሲጎትት የባትሪው 12 ቮልት ወደ 10 ይወርዳል። ያ 10 እንደገና በሬዚስተሯ ቢያልፍ ቦቢናው ጋ የሚደርሰው 6 አካባቢ ነው። በ6 ቮልት የሚሠራ ቦቢና ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ፣ ረጠብ ባለ ካንዴላ ላይ፣ ጠንካራ እሳት አይሰጥም። ስለዚህ ፋብሪካው ለማስነሻው ሰዓት ብቻ አቋራጭ አበጀለት።

ያቺ ሽቦ ከተበጠሰች፣ ወይም ቁልፉ ማዞሪያ ውስጥ ያለው መነካኪያ ከተበላ፣ መኪናው ልክ ያንተ የሚያደርገውን ያደርጋል። ሞተሪኖው ይዞራል፣ እሳቱ ግን ወይ የለም ወይ ቢጫ ናት። ቁልፉን ስትለቅ ሞተሪኖው ይቆማል። ባትሪው ይነቃል። ቦቢናው በሬዚስተሯ በኩል የተለመደውን ያገኛል። ሞተሩ ደግሞ በነበረው ጉልበት ገና ትንሽ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት እሳት ይመጣል። እህ ይላል። ዕድል ከቀናው ይነሳል። ቀን ላይ ሲሞቅ ደግሞ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሞተሩ ቀለል ብሎ ይዞራል፣ ነዳጁም በቀላሉ ይተናል። ደካማ እሳትም ያስነሳዋል። ለዚህ ነው ቀን ላይ ችግሩ የጠፋ የሚመስለው።

ይህን እኔ በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ወጣት ሳለሁ አምባ ጊዮርጊስ አንድ አሮጌ ፒክአፕ እንድሠራ ተጠራሁ። የወገራን ብርድ ታውቀዋለህ። ባለቤቱ እህል የሚነግዱ አዛውንት ነበሩ። ገና ስደርስ «ልጄ፣ ቁልፉን ስለቀው ነው የሚያስለው» አሉኝ። እኔ ግን ካርቡራቶር ፈታሁ። ካንዴላ ቀየርኩ። ፑንቲና ቀየርኩ። መሸ። በማግስቱ ጧት ጨንቆኝ አንድ ሽቦ ከባትሪው ወደ ቦቢናው ወስጄ ስነካው ወዲያው ተነሳ። የእጅ ዋጋዬን አልተቀበልኩም። ያስገዛኋቸውን ዕቃ ገንዘብ ግን መመለስ አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ባለመኪናውን ሳልሰማ ኮፋኖ አልከፍትም።

ፍተሻው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጧት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሥራው። ማርሹን ባዶ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አኑር። አንድ ሰው ቁልፉ ጋ ይቀመጥልህ። ቮልት የሚለካ መልቲሜትር ያስፈልግሃል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ካወቅህ ተዋሰው። ርካሹም ይበቃል።

መጀመሪያ ሌሊቱን ያደረውን ባትሪ ለካ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ካነበብክ ግማሹ ነው ያለው። አዲስ መሆኑ አያዘናጋህ። አሲድ ሞልተው ሳይሞሉት፣ ማለቴ ቻርጅ ሳያደርጉት፣ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። በዚያ ላይ መኪናህ ጧት ብዙ እየተሞከረ ከዚያ ከማራኪ ፒያሳ ብቻ ደርሶ የሚቆም ከሆነ፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ የወጣውን ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ካየህ ዲናሞው ደህና ነው።

ከዚያ ሰውየው ቁልፉን ያዙር፣ አንተ ባትሪው ላይ አንብብ። ሞተሪኖው እየዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው አልሞላም ወይ ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየጎተተ ነው። ውስጡ ተበልቶ የደከመ ሞተሪኖ እንደዚያ ያደርጋል። ከ9.6 በላይ ከቆየ ቀጥል። የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ ቦቢናው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ባትሪው ነጌቲቭ ላይ አድርግ። እንደገና ይዙር። ፑንቲናው ሲከፈትና ሲዘጋ ቁጥሩ ይዋዥቃል፣ አይግረምህ። በአማካይ ከባትሪው ንባብ ብዙ ካልራቀ ያቺ ቀጭን ሽቦ እየሠራች ነው። 5 ወይም 6 አካባቢ ካየህ፣ ወይም ጭራሽ ዜሮ ካየህ፣ በሽታውን አገኘኸው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሽፋን ያለው አንድ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ቦቢናው ፖዘቲቭ ውሰድ። ቁልፉን አዙሩት። ሁለት ሦስት ዙር ሳይሞላ ከተነሳ ጨርሰሃል። እንደተነሳ ሽቦውን ወዲያው አንሳ። ካላነሳኸው ቁልፉን ብትነቅለውም ሞተሩ አይጠፋም። ቢቆይ ደግሞ ቦቢናውን ያቃጥለዋል። አንድ ሙከራ ከ10 ሰከንድ አይብለጥ። በሙከራዎቹ መካከል ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሞተሪኖውን አሳርፈው።

እሳቱን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ አንድ ካንዴላ አውጥተህ ገመዱ ላይ እንዳለ የብረት አካሉን ሞተሩ ላይ አስነካው። በባዶ እጅህ አይደለም፣ እጀታው ላስቲክ በሆነ ፒንሳ። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ አጠገብም እንዳታደርገው። ጤነኛ እሳት ሰማያዊ ናት፣ ጠቅ ጠቅ ስትል ትሰማለህ። ቁልፉ እስከ መጨረሻው እንደዞረ ደካማ ሆና ሲለቀቅ ብልጭ ካለች፣ ከላይ የነገርኩህን በዓይንህ አየኸው ማለት ነው።

ሞተሪኖው ከበድ ይለዋል ያልከው ለብቻው መታየት አለበት። ሁለቱ ችግሮች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ አንዱ ሌላውንም ያባብሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ማሳ የሚባለው ካቦ ነው። ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ካቦ ከ40 ዓመት በኋላ ውስጡ ይዝጋል። ላዩን ስታየው ደህና ነው። ሰው ባትሪ ሲቀይር ደግሞ ካቦውን እንዳለ መልሶ ያስረዋል። መልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ የእርሳስ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርገህ ቁልፉን አስዞር። 0.2 ወይም 0.3 ቮልት ቢያሳይ ምንም አይደል። 1 ቮልት ከደረሰ ካቦው ኤሌክትሪክህን እየበላው ነው። መልቲሜትር ከሌለ እጅህ ይበቃል። አራት አምስት ጊዜ ከሞከርክ በኋላ የካቦዎቹን ጫፎች አንድ በአንድ ዳስስ። የሞቀው እሱ ነው ሌባው። ወይም የጎረቤትህን የባትሪ ማስተላለፊያ ካቦ ተውሰህ ከባትሪው ነጌቲቭ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ብረት እሰረው። ሞተሪኖው በድንገት ፈጥኖ ከዞረ አዲስ የማሳ ካቦ ግዛ። የባትሪው እርሳስ ላይ የሚያብበውን ነጭ ነገርም በሙቅ ውኃና በሶዳ አጥበህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ አጥብቀህ እሰር።

ዘይቱንም ጠይቅ። ብዙ ሰው አሮጌ ሞተር ነው ብሎ ወፍራም 40 ወይም 50 ዘይት ይሞላል። በጎንደር የክረምት ጧት ያ ዘይት እንደ ማር ነው። 20 ደብልዩ 50 ለዚህ ሞተር ይበቃዋል፣ ጧትም ይቀለዋል።

ክረምት ስለሆነ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የስፒንትሮጂኖ ክዳን ከፍተህ ተመልከት። ውስጡ ላብ ካለው በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ስንጥቅ ካየህበት ይቀየር። እዚያው እያለህ ፑንቲናውን እይ። ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ፊቱ ጠቁሮ ከተቦረቦረ ቀይረው፣ ውድ ዕቃ አይደለም።

ካርቡራቶሩ ፊት ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አለች። ነዳጁ በእሷ ውስጥ መሃል ላይ ከታየህ ነዳጅ ደርሷል። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። አንድ ነገር ግን ልብ በል። እኛ ጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራቶር ነዳጅ ይበዛበታል። አየሩን የሚያጠበውን ቾክ ሙሉ ስበህ፣ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ረግጠህ፣ ከዚያ ደካማ እሳት ሲጨመርበት ካንዴላው በቤንዚን ይርሳል። የቤንዚን ሽታ ከሸተተህ ቾኩን መልሰው። ፔዳሉን እስከ ታች ርገጠውና ሳትለቅ፣ ሳትደጋግም፣ ቁልፉን አዙር። አየር ይገባና ይደርቃል።

ጥገናውን በሚመለከት ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛ፣ ሬዚስተሯን አውጥተን ቀጥታ እናገናኘው የሚልህ ሰው አይጠፋም። እሺ አትበል። ጧት እንደ ሰዓት ይነሳልሃል። ከዚያ ግን መንገድ ላይ ቦቢናው ግሎ ያቆምሃል፣ ፑንቲናውም ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ከሞተሪኖው ማዘዣ ሽቦ ላይ ቅርንጫፍ አውጥቶ ወደ ቦቢናው የሚወስድ ኤሌትሪሺያን ካጋጠመህ አስቁመው። ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ የቦቢናው ኤሌክትሪክ በዚያችው ሽቦ ወደ ኋላ ይመለስና ሞተሪኖውን እንደያዘ ሊያስቀረው ይችላል። ሞተሪኖው እየዞረ ይቃጠላል። ትክክለኛው ወይ የተበጠሰችውን የፋብሪካ ሽቦ ፈልጎ መቀጠል ነው፣ ወይ የቁልፉን ማዞሪያ መቀየር ነው። ሁለቱም ካልተቻለ አንድ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይግባ። የሞተሪኖው ማዘዣ ሪሌውን ብቻ ያዝዛል፣ ሪሌው ደግሞ ከባትሪው በፊውዝ አልፎ ቦቢናውን ይመግባል። ቁልፉ ሲለቀቅ ሪሌው ይቆርጣል፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

ዕቃ መግዛት ካለብህ በድሮው ስም ጠይቅ። ልጆቹ አሁን ኮይል፣ ስታርተር ይላሉ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ሰው ግን ቦቢናና ሞተሪኖ ስትለው ቶሎ ይገባዋል። ጣሊያን ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር እጁን ሲሰጥ እነዚህን ቃላት ጋራዥ ውስጥ ትቶልን ነው የሄደው። ቦቢና መቀየር ግድ ከሆነ «ባለ ሬዚስተር ቦቢና» በል። ያለ ሬዚስተር የሚሠራውን ከሰጡህ ከነሬዚስተሯ ስታስረው ያው ድካም ተመልሶ ይመጣል።

እስኪሠራ ድረስ በግፊ ማስነሳትህ አይቀርምና እሱን በጥንቃቄ አድርገው። ቁልፉ መከፈት አለበት፣ አለዚያ መሪው ሊቆለፍብህ ይችላል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ፍጥነት ሲይዝ ልቀቅ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል። እንደለመድከው አይዝም። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ይህን ረስቶ ከአጥር ጋር ነው የቆመው። ስለዚህ ባጃጅና ሰው ወደሚበዛበት ቁልቁለት አፍንጫውን አዙረህ አታሳድረው። ልጆቹም ከኋላ ብቻ ይግፉ፣ ከጎን በር ይዞ የሚሮጥ አይኑር። እናትህን ደግሞ ሞተሩ ተነስቶ፣ ፍሬኑን ሞክረህ ካየህ በኋላ ነው የምታሳፍራቸው። ቀጠሮው ከደረሰና መኪናው ገና ካልተሠራ ባጃጅ ጥራላቸው። ቦቢናው ላይ ያነበብከውን ቁጥር ጻፍልኝ።